የማይፈታ ብሎን

ጅግጅጋ፣ የካቲት ፲፯ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የኤረር ፍል ውኃ ለጉልበትሽ ረድቶሻል ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ሳልደገፍ እሄዳለሁ፤ ለዚህም የአባቶቻችን አምላክ ይመስገን።

ማማረር እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። የኔታ፣ «ዳዊቱን አዛብተሃል» ብለው በአለንጋ ሲገርፉኝ አላለቀስኩም። በሰባው ጦርነት እናታችንን ደግፌ፣ አንቺን በእጄ ይዤ በካራማራ በኩል እስከ ሐረር በእግር ስንጓዝ ደከመኝ አላልኩም። የብየዳ ብልጭታ ግራ ዐይኔን ሲያደበዝዘው በቀኙ ሠራሁ። ባለቤቴን በቀበርኩ በአራተኛው ቀን ወርክሾፔን ከፈትኩ። በሁለት ሺህ ዐሥር ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ ወርክሾፑ በተቃጠለ ጊዜም አመዱን ጠርጌ እዚያው ላይ ቆርቆሮ አቆምኩ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ከዚህ ሁሉ የከበደኝ አንድ ነገር ስላለ ነው።

ለልጅሽ ለራጉኤል አርባ የመጣሽ ዕለት፣ «ወንድም ጋሼ፣ ተሠቃይቶ ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «አልተሠቃየም፣ ወዲያው ነው» አልኩሽ። አንቺም ገላው ሳይጎድል ስላወጣሁልሽ እጄን ስመሽ ተሳፈርሽ። ለሙት ዓመቱ ከመምጣትሽ በፊት የሆነውን ሁሉ ማወቅ ይገባሻል። ካወቅሽ በኋላ ቤቴ መግባትና አለመግባቱ የአንቺ ፈንታ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሀምዲ በምትባል የሐርተሼክ ነጋዴ ነው። ድርቁ ግመሎቿን ሲፈጅባት ከበልጉ በፊት ቢርካ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ማለት ነው፣ ለማስቆፈር ቆረጠች። ትራክተር ነበራት፤ ነገር ግን በፊቱ የተገጠመው አፈር መዛቂያ፣ ባኬት የምንለው፣ ከንፈሩ ልሙጥ ስለሆነ የሐርተሼክን መሬት መንከስ አቃተው። ሾፌሩ ዐያንሌ ወደ እኔ ይዞት መጣ።

ሁለት አማራጭ ነበር። አንደኛው ጥርሶቹን አንድ በአንድ ከንፈሩ ላይ መበየድ ነው። ይህ ይቀላል፤ ግን እሳቱ ከንፈሩን ያጣምመዋል፣ ጥርሱም ከዚያ ወዲያ አይነቀልም። ሁለተኛው ጥርስ የተደረደረበትን አንድ ወጥ ብረት በከንፈሩ ላይ አጋድሞ በግራና በቀኝ በብሎን ማሰር ነው። ለደረቅ መሬት ይታሰራል፣ ለለስላሳ አፈር ይፈታል። ሁለተኛውን መረጥኩ። ባኬቱን በውስጥ በኩል ለካሁ፤ በውጭ የለካ ብረቱ ይረዝምበታል። ሰባት ጥርስ ያለው ብረት አስመጣሁ፣ ጎንና ጎኑን ሁለት ሁለት ቀዳዳ በስቼ በአራት ብሎን አሰርኩት። ሀምዲ ከጎኔ ቆማ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ላንተ ሦስት ጥርስ ቀርቶህ ለብረት ሰባት ትሰጣለህ» አለችና ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀችው። እኔም ፈገግ አልኩ።

ግንበኛ ሆኖ የቢርካውን ግድግዳ እንዲይዝ ራጉኤልን ለሀምዲ የነገርኳት እኔ ነኝ። ይህንንም እወቂው።

በሦስተኛው ቀን ብሎኖቹ ከንዝረቱ ላሉ። ዐያንሌ በየማለዳው በመፍቻ ላጥብቃቸው አለኝ። እኔ ያሰርኩት ብሎን በየማለዳው አይጠበቅም ብዬ አራቱንም ከነዳዷቸው በየድኳቸው። ዐያንሌ በአማርኛው አንቱታ አያውቅም፤ አክብሮቱን የሚይዝለት አዴር የሚለው ቃል ነው፣ አጎቴ ማለቱ ነው። «አዴር፣ ይፈታል ብለህ አልነበር ያስመጣኸው? ጥርስ ተክለህላት መንጋጋዋን ሰፋህባት» አለኝ። የሾፌር ነገር ብዬ ናቅሁት።

መጋቢት ፳፩ ሥራውን ለማየት ሐርተሼክ ወርጄ ሳለሁ፣ ከቀትር በኋላ ራጉኤል ከጉድጓዱ ወለል ላይ ለግንቡ የሚሆን ጣውላ ሲያቆም የምሥራቁ ግድግዳ ተደረመሰ። ሌላ ሰው ከታች አልነበረም። ስድስት ሰዎች በአካፋ ገቡ፤ ያወጡት ያህል መልሶ ይንሸራተትባቸዋል። ዐያንሌ በመውረጃው በኩል ትራክተሩን አስገብቶ ሦስት ባኬት አወጣ። በአራተኛው ከፊቱ ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ። የእኅቴን ልጅ በጥርስ አታወጣውም፣ ሬሳ ሙሉ ሆኖ ነው ወደ አፈር የሚመለሰው፣ ጥርሱን ፍታ አልኩት። ከመቀመጫው ሳይወርድ፣ «አዴር፣ ነፍስ ይኖረው ይሆናል። ከላይ ከላይ እገፋለሁ፣ ሲቃረብ በእጅ እናወጣለን» አለኝ። ሦስት ሜትር አፈር የወደቀበት ሰው ነፍስ የለውም ብዬ መለስኩለት። ሰዎቹም ሽማግሌና የሟች አጎት ስለሆንኩ ቃሌን ተቀበሉ። ሟች የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ብሎኖቹ በመፍቻ የሚፈቱ አልነበሩም። የብረት መቁረጫዬ ጅግጅጋ ነው። በመሮና በመዶሻ፣ በእጅ መጋዝም፣ አራቱን ብሎኖች ለመቁረጥ በሰዓቴ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ብየዳዬ ጠንካራ ነበር። ከዚያ በኋላ ልሙጡ ባኬት ልቅ የሆነውን አፈር በዐሥር ደቂቃ ጠረገው።

ጣውላዎቹ በላዩ ላይ ተጋድመው ወድቀው እንደ ጣራ ሆነውለት ነበር። ገላው እንደተመኘሁት ሙሉ ነው፤ ጭረት እንኳ አላየሁበትም። ሸሚዙን አውልቆ አፍና አፍንጫውን ሦስት ጊዜ ጠምጥሞበታል። ከማጅራቱ ላይ ቋጥሮታል፤ ድርብ ቋጠሮ ነው።

አንቺ አስተዋይ ነሽ፤ በዚህ ላይ አልጨምርም።

ያን ያየነው ዐያንሌና እኔ ነን። እርሱ ቀና ብሎ አየኝና ሌሎቹ ሳይደርሱ ቋጠሮውን በጣቱ ፈታው፣ ሸሚዙንም ከጃኬቱ ሥር ሸጎጠው። ለመጡት ሁሉ «ወዲያው ነው የሞተው» አላቸው። ውሸቱን ለእኔ ሲል የጀመረው እርሱ ነው፤ ዐሥራ አንድ ወር የኖርኩበት ግን እኔ ነኝ። በማግስቱ ሸሚዙን በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። እስከ ዛሬም ጥርስ የሚለውን ነገር በፊቴ አንሥቶ አያውቅም።

ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸዋለሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን ስሰማው መፍቻው ታየኝና ከደጀ ሰላሙ አሜን ሳልል ወጣሁ። ቀኖናውን እየፈጸምኩ ነው። አንቺ ሳታውቂ ግን የተፈታሁ አይመስለኝም። ይቅር በዪኝ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ እንደ ፈቃድሽ ነው። ለሙት ዓመቱ ድግሱን አዘጋጅቼአለሁ። ቤቴ ማረፍ ካልፈለግሽ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለችው ከወለተሐና ቤት ማረፊያ ተይዞልሻል፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የቀሩልሽን ልጆች ከክፉ ይሰውርልሽ።

ኑዛዜዬን በምስክሮች ፊት አድሼዋለሁ። ወርክሾፑን ቀድሞ የተናዘዝኩት ለራጉኤል ነበር። አሁን ከነብየዳ ማሽኑና ከነመሰርሰሪያው ለዐያንሌ ይሆናል፤ ከዘመድ ማንም እንዳይከራከረው። መኖሪያ ቤቴ ለራጉኤል ልጅ ለልደት ነው። ሸሚዙን አላጠብኩትም፤ በሳጥኔ ውስጥ አለ። እርሱ የአንቺ ነው።

ታላቅ ወንድምሽ