አሥራ አራት ቁጥር ማቆሚያና የኖሪን ይቅርታ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ክላይቭ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ፤ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ይንቋቋል ወይስ ሐኪሙ የሰጠህ ቅባት ሠራልህ? ባለቤትህ ሙሪየልስ ደህና ናት? ልጃችሁ ቴስ አዲሱን ሥራዋን ወደደችው? እናንተ ጋ ኒውዚላንድ አሁን አበባው የሚፈነዳበት ወር ነው፤ እኛ ጋ ዝናቡ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ዊልፍም ግራ እግሩ ቢጎተትና ቃላቱ ጥቂት ቢሆኑም ይበላል፣ ይተኛል፣ ጋዜጣውን ያገላብጣል። የቀረው ሁሉ ሰላም ነው ብዬ ብዘጋው ደስ ባለኝ ነበር። ግን ከበጋው ጀምሮ ሲያበግነኝ የከረመ ነገር አለ፤ ለአንተ ካልነገርኩት አይወጣልኝም።

ኖሪንን ታስታውሳታለህ፤ ያቺ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ በሠርጌ ቀን ኬኩን ጥላ ሁለት ቀን ሙሉ ያለቀሰችው። ዊልፍን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት እየመጣች ገላውን አብራኝ ታጥበዋለች፤ ጺሙንም ትላጨዋለች። ከማዘጋጃ ቤት የተላከችልንን ተንከባካቢ በደህናው እጁ ገፍትሮ አስወጥቷታል። እኔ ደግሞ ምላጭ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፊቱን የሚሰጠው ለኖሪን ብቻ ነው።

ስትመጣ መኪናዋን የምታቆመው እኛው ቦታ ላይ ነው፤ አሥራ አራት ቁጥር። የእኛን መኪና ከሸጥነው በኋላ ቦታው ባዶውን ነው የሚውለው። ባለፈው ዓመት ግን የምንኖርበትን የጋራ ግቢ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ማንንም ሳያማክሩ አንድ የግል ድርጅት አምጥተው የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ አደረጉብን። ለየቤቱ አንዳንድ የእንግዳ ካርድ ታደለ። ካርዱ በፊት መስተዋቱ በኩል ወደ ውጭ መታየት አለበት፣ ካልታየ ቅጣት ነው ተባለ። ማስታወቂያውን ምሰሶ ላይ ሰቅለውታል፤ ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ለማንበብ መሰላል ያስፈልጋል።

በኦገስት፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ኖሪን የመኪናዋን በር ስትዘጋ ካርዱ ተንሸራቶ ወንበር ሥር ገባ። እሷ ላይኛው ክፍል ዊልፍን ስትላጭ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጀርባ ብቅ ብሎ መኪናዋን ዙሪያዋን ፎቶ ያነሳት ጀመር። ተደብቆ ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው! በመስኮት አየሁትና በቤት ነጠላ ጫማዬ እየሮጥኩ ወረድኩ። "ቦታው የእኔው ነው እኮ! እንግዳዬ ናት፣ የታመመ ባሌን እያጠበችልኝ ነው" አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "እኔ ፎቶ ነው የማነሳው እናቴ፤ ቅሬታ ካለዎት ለቢሮ ይጻፉ" ብሎኝ ሄደ። "እናቴ" አባባሉ ነው ከሁሉ የቀፈፈኝ።

ሳምንት ሳይሞላ መቶ ፓውንድ ክፈይ የሚል ደብዳቤ ኖሪን ቤት ደረሰ። እሷም ሳታማክረኝ መልስ ጻፈች። የአገራችንን ሰው ታውቀው የለ፤ እግሩን ስትረግጠው ይቅርታ የሚልህ እሱ ነው። ኖሪንም "ስላስቸገርኳችሁ በጣም ይቅርታ፤ ካርዱን በደንብ ባለማስቀመጤም አዝናለሁ" ብላ ጀምራ፣ የዊልፍን ሕመም ከሥር ዘርዝራ፣ በመጨረሻም ጊዜያችሁን ስለወሰድኩ ይቅርታ ብላ ፈረመች። ምን ብለው እንደመለሱላት ታውቃለህ? "ጥፋትዎን ስላመኑልን እናመሰግናለን። ቅሬታዎ ተቀባይነት አላገኘም።" ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአንዲትን ጨዋ ሴት ትሕትና አንስተው የጥፋተኝነት ኑዛዜ አደረጉት።

ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ቀይ መስመር ያለበት ነበር፤ ዕዳ ሰብሳቢ እንልካለን ይላል። ከዚያ ወዲያ ኖሪን ቀረች። ስደውልላት "ይቅርታ ኢኒድ፣ አልችልም። ያ ሰውዬ ደግሞ ቢመጣስ? በዚህ ዕድሜዬ ዕዳ ሰብሳቢ በሬን ሲደበድብ ጎረቤት ሊያየኝ ነው?" አለችኝ። በሕይወቷ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንኳ ከቀኑ አሳልፋ መልሳ የማታውቅ ሴት፣ መጋረጃዋን ዘግታ ቤቷ ተቀመጠች።

ዊልፍ ስድስት ሳምንት ጺሙን ሳይላጭ ከረመ። እኔ በኤሌክትሪክ መላጫ ስሞክር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ባዶውን አሥራ አራት ቁጥር ያያል። ጺሙ ላይ ገንፎ እየደረቀ ሲያስቸግረኝ፣ እነዚያን ሰዎች በስማቸው ሳይሆን በሌላ ነገር ስጠራቸው ነበር የምውለው። እዚህ አልጽፈውም።

ስልክ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ "ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ቦታ አለው" የሚል ማሽን አናገረኝ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ከወረቀት እያነበበች "አሽከርካሪዋ እኮ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያቺን አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አወረድኩ። የቤቱ ውል እዚያ ውስጥ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ስንገዛ የፈረምነው ወረቀት፣ አሥራ አራት ቁጥር ለባለቤቶቹና ለእንግዶቻቸው ያለ ማንም ከልካይ ይሁን ይላል። ስለ ካርድ አንድ ቃል የለበትም። እንዴት እንደጮህኩ ብትሰማኝ!

በአውቶቡስ ኖሪን ጋ ሄድኩ። እንዲህ ያለውን ቅጣት የሚመረምር ገለልተኛ ይግባኝ ሰሚ አለ፤ ቅጣቱ በስሟ ስለሆነ ለእሱ የሚላከውን ራሷ መፈረም ነበረባት። እኔ ሻይ እስካፈላ እሷ ረቂቁን ጽፋ ጠበቀችኝ፤ አራት ይቅርታ አለበት። አራቱንም በእስክርቢቶ ደለዝኳቸው። "ባለጌ አያስመስለኝም?" አለችኝ። "ያስመስልሽ!" አልኳት። የውሉን ቅጂ አያይዘን በአደራ ደብዳቤ ላክነው።

ይግባኝ ሰሚው ገና ሳይፈርድ ድርጅቱ ራሱ ወደ ኋላ አለ። የጻፉላት ሁለት መስመር ነው፦ "ስህተት መፈጸማችንን ባንቀበልም፣ ለበጎ ፈቃድ ስንል ክፍያውን ሰርዘነዋል።" በጎ ፈቃድ! አንዲትን ሴት ሁለት ወር እንቅልፍ ነሥተው፣ አንድን በሽተኛ በገዛ ቤቱ አጎሳቁለው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደግ ሊባሉ አማራቸው። አስጸያፊዎች ናቸው ክላይቭ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ባለፈው ዓርብ ኖሪን መጣች። መኪናዋን አሥራ አራት ቁጥር ላይ አቆመች፤ ካርዱን መስተዋቱ ላይ በአራቱም ማዕዘን በፕላስተር ለጥፋዋለች። በሩን ስከፍትላት "ስለዘገየሁ ይቅርታ" አለችኝ። ላይ ወጥታ የዊልፍን ጺም ስታይ ደግሞ "ይቅርታ ዊልፍ፣ እንዲህ እስክትሆን ዝም ስላልኩህ ይቅርታ" እያለች ሳሙና ትቀባው ጀመር። ዊልፍ በደህናው እጁ የእጇን አንጓ ያዘና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። "ኖሪን፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም" አላት። እሷም "እሺ፣ ይቅርታ" አለች። ሳሙናው አፉ እስኪገባ ሳቀ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከደስታው ይልቅ ንዴቱ ነበር ያስለቀሰኝ።

ሙሪየልን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ለዊልፍ ልኩ ነው በላት። ለቴስ ከአለቃዋ ጋር ቶሎ እንዳትጣላ ንገራት፤ የኔ ደም አለባት። ያንን ሰነፍ ውሻችሁንም ጆሮውን እከክልኝ። ዊልፍ፣ ጉንጩ እንደ ሙሽራ ተላጭቶ፣ እጁን እያውለበለበ ሰላም ብሎሃል።

ደብዳቤው ስለረዘመብህ ይቅርታ ብዬ ልዘጋ ነበር፤ ጻፍኩት፣ ከዚያ ደለዝኩት።

እህትህ ኢኒድ

ኬተሪንግ፣ እንግሊዝ
ኖቬምበር 12 ቀን 2023