ከአልጋዬ እስከ ደጃፍ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፦

እንደምን ሰነበትሽ? የረገጥሽው ይጽናልሽ፣ የነካሽው ይባረክልሽ። ወገቤን የተቀደድኩበት የቀዶ ሕክምናው ቁስል ደርቋል። ካልሲና ጫማ ግን ዛሬም የሚያደርግልኝ አባትሽ ነው፤ የስፌት መኪናዬን ከነካሁም ሁለት ወር አለፈኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ነበር። እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ «በቀን አራት ጊዜ ይራመዱ» ብላኝ ስትሄድ፣ ሕመሙ እስከ እግሬ ጣት ሲወርድብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

አባትሽን ታውቂው የለ? ጡረታ ቢወጣም የአውቶቡስ ሹፌርነቱ አልለቀቀውም። ክንዴን ይዞ አስነሳኝና ኮሪደሩ ላይ «ወጥ ቤት ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ።

«የለም፣ ቀጥል!» አልኩት። ሳቁ ወገቤን ቢወጋኝም በሩ ጋ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ነን። ትናንትማ በምርኩዝ ብቻዬን ደጅ ብወጣ፣ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው «እሰይ፣ ተነሱልን!» ብሎ ወንበር ይዞልኝ መጣ። «የሚያመኝ መቀመጡ ነው፣ ይልቅ እንድቆም ተወኝ» ብዬ አሳቅኩት።

አንቺም ሥራ ላይ ካርቶን ስታነሺ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ከወገብሽ አትጎንበሺ። እኔን ለማየት ብለሽም ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። አባትሽ እኔን ሲያስቅ ይውልና ልብስ ማጠቢያው ጋ ብቻውን ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ስትደውዪ፣ ስለ እኔ ከመጠየቅሽ በፊት «አባዬ፣ አንተስ እንዴት ነህ?» በዪው።

ክፉ አይንካሽ፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ቆሜ እንድቀበልሽ ፈጣሪ ያብቃኝ።

እናትሽ