የገደሉ ድርሻ

ካራ፣ መጋቢት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አበልጄ ዲንቄ፣

ሰላምታው ይቆየኝና ስለ አህያሽ ልንገርሽ። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ ፉርሽካ የሚገዛ ሰው መጣ ብዬ፣ ሁለቴ ማንም ሳይመጣ። ስልክ ያልደወልኩልሽ ሆን ብዬ ነው። ስልክ ላይ ነጋዴ ነኝ። ድምፅሽ ከለሰለሰልኝ ነገሩን ግማሹ ላይ አቆመዋለሁ።

ቡላን የበላት ጅብ ነው። ወደ ጅቡ የላክኋት ግን እኔ ነኝ።

ሁዳዴ በገባ ቁጥር እሷን ወደ መኖ መጋዘኔ ታመጫት ነበር። ካራ ያደገ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ከመንደራችን በላይ ወዳለው ገደል የሚጣለው አጥንትና ትርፍራፊ ይቆማል፤ የእንጦጦ ጅቦች ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን አይጾሙም። ስለዚህ አህያ ያለው አህያውን ጣራ ሥር ያስገባል። ፋሲካ ሲሆን ሥጋ ቤቱ ይከፈታል፣ ገደሉ ይሞላል፣ አህያውም ወደ በረቱ ይመለሳል። አባትሽ ከብት ሲሞትባቸው ቆዳውን ገፈው ሥጋውን ገደል አፋፍ ላይ ይተዉት እንደነበር አጫውተሽኛል። «የገደሉን ድርሻ ለገደሉ» ትይ ነበር። እኔ እስቅብሽ ነበር።

አምና ጾሙ ሳይፈታ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አጥንት ደርቆ ሲፈጭ የዶሮ መኖ ይሆናል፤ ዶሮ አርቢዎቹ ደግሞ አጥተውት ይለምኑኛል። ያ ሁሉ አጥንት በየቀኑ ገደል ሲገባ እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ? ከአካባቢው ሥጋ ቤቶች ጋር ተስማማሁ። ከፋሲካ ጀምሮ አንድም አጥንት አይጣልም፤ ሁሉም ወደ እኔ ጆንያ ይገባል። የየቤቱ ሴቶችም የፋሲካቸውን አጥንት እንዲያስቀምጡልኝ ደጅ ለደጅ ዞርኩ። የአንቺንም ወስጃለሁ።

ያን ቀን ያልሽኝን አልረሳሁትም። «ሸዋዬ፣ ለአያ ጅቦስ ምን ተረፈው?» አልሽኝ።

«አያ ጅቦ መቼ ደረሰኝ ቆርጦ ያውቃል?» አልኩሽ።

«አይቆርጥም። ሲመጣ ግን ዋጋ ጠይቆ አይበላም።»

ሁለታችንም ሳቅን። አንቺ ግን ስቀሽ ዝም አላልሽም። በፋሲካ ማግስት መጥተሽ፣ «ወደ ላይ ለቅጠል ስወጣ ገደሉን አየሁት፤ ባዶ ነው። ቡላ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አንቺ ዘንድ ትሰንብት» አልሽኝ። እኔም፣ «ጾም ተፈታ እኮ አበልጄ! ውሰጃት፤ ቦታው ለጆንያ ይፈለጋል» አልኩሽ። ገመዷን ፈትተሽ ሄድሽ።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ስደርስ የጭነት ገመዷን ጭንሽ ላይ ጠቅልለሽ በረቱ ደጃፍ ተቀምጠሽ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይገረማል። «ከፋሲካ በኋላ? ይሄ ጅብ አብዷል!» ይላሉ። ጅቡ አላበደም፤ ርቦታል። የሰው ጾም ሲፈታ የእሱ አልተፈታም ነበር። ይህን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «አይዞሽ» ከማለት ሌላ ቃል ያልወጣኝ ከሐዘን መስሎሽ እጄን ያዝሽልኝ። ሐዘን አልነበረም። የሚጠረጥር ሰው እንዳለ ፊት ፊቱን እያየሁ ነበር።

ያለ አህያ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ማውረድ ለጀርባሽ አልሆነም። ሦስት ወር ሞክረሽ ሰንዳፋ እህትሽ ዘንድ ገባሽ። እኔም ስሸኝሽ አለቀስኩ፤ ልቅሶው እውነት ነው፣ እሱን እንኳ እመኚኝ።

አሁን ለምን ነገርሽኝ ትይኝ ይሆናል። የክርስትና ልጅሽ ናዝሬት ናት ያስነሣችብኝ። ባለፈው እሑድ ለፈተና ስታጠና ደብተሯ ላይ ፀሐይ፣ ሣር፣ በሬና ጅብ ሥላ በቀስት አያይዛቸዋለች።

«ማን ማንን እንደበላ ነው?» አልኳት።

«አይደለም እማዬ፣ ጉልበቱ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ነው። ሣሩ ከፀሐይ ያገኛል፣ በሬው ከሣሩ። ግን በሬው ሲራመድ፣ ሲተነፍስ፣ ሰውነቱን ሲያሞቅ አብዛኛው ያልቃል። ለሚበላው የሚደርሰው ከአሥሩ አንድ ያህል ብቻ ነው።»

«ዘጠኙ መንገድ ላይ የሚቀር ምን ዓይነት ንግድ ነው?»

«ንግድ መች ሆነ! ፀሐይ በየቀኑ አዲስ ታመጣለች። ለዚህ ነው ሣሩ ብዙ፣ ጅቡ ጥቂት የሆነው፤ መጨረሻ ላይ ስላለ ትንሽ ነው የሚደርሰው።»

ከዚያ ላጲስ አንሥታ ከበሬው ወደ ጅቡ የሚሄደውን ቀስት አጠፋችው። «መምህራችን ይህ ቢጠፋ ምን ይሆናል ብሎናል» አለችና ትንሽ አሰበች። ከሣሩ ጎን አህያ ሣለች። ከአህያዋ ወደ ጅቡ ቀስት አሰመረች። «እንደ ክርስትና እናቴ ቡላ» አለች፣ ምንም ሳታውቅ።

ተነሥቼ ወጣሁ። እስከ ገደሉ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ድንጋዩ እንደታጠበ ሳህን ነው።

የዕለት ማስታወሻዬን ታውቂዋለሽ፤ ስመለስ የአምናውን ገለጥኩ። «ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት። ቡላ ወጣች። ቦታዋ ላይ አሥራ አንድ ጆንያ ገባ።» በአንድ መስመር! ከሳምንት በኋላ ደግሞ፣ «የዲንቄን አህያ ጅብ በላት።» ሌላ ምንም የለም።

ዘንድሮም ፋሲካ አሥር ቀን ቀርቶታል። የጎረቤቴ የቀጀላ ሁለት አህዮች ጾሙን የሚያሳልፉት ማድ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሚስቱ ከጾሙ በላይ አላስቀምጥ ብላዋለች፣ በፋሲካ ማግስት ሊያወጣቸው ነው። ትናንት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። ራሱን ሲነቀንቅ ቆየና፣ «ዓመት ሙሉ ጅቡን ስንረግም የከረምነው በከንቱ ነዋ! ያንቺን ጾም ነበር የሚጾመው በይኛ» አለኝ።

«እርገመኝ እንግዲህ» አልኩት።

«እኔማ አህዮቼ አሉ። አህያዋ ለተበላባት ንገሪያት እንጂ» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ሚሊዮን የሚባል የመኖ ፋብሪካ ባለቤት አጥንቱን በሙሉ ሊረከበኝ መልሴን ሰኞ ይጠብቃል። ከፋሲካ ጀምሮ የካራ ሥጋ ቤቶች አጥንት ወደ ገደሉ ይመለሳል፤ ባለቤቶቹን ዛሬ አነጋግሬያቸዋለሁ። ለሚሊዮን ከመሀል ከተማ፣ ቆሻሻ መኪና ላይ የሚጫነውን አጥንት ለቅሜ ላቅርብ ልለው ነው። የቅርቡን ትቼ የሩቁን ስለምን ይስቅብኛል። ይሳቅ። ንግዴን አልተውኩም፤ የሌላውን ድርሻ ነው የተውኩት።

በፋሲካ ማግስት ወደ ሰንዳፋ እመጣለሁ። በእግሬ ነው የምመጣው፣ በቡላ ፈንታ የምሰጥሽን አህያ እየነዳሁ። እሷን ተቀብለሽ እኔን ከደጅ ብትመልሺኝ አልቀየምም። የቡላ ችካል መጋዘኔ ውስጥ እንደተተከለ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጆንያ ደርድሬበት ነበር፤ ይህን ደብዳቤ ሳልጨርስ ተነሥቼ ጆንያውን አነሣሁለት።

ካራ ከተመለስሽ አንድ ነገር ያዢልኝ። ጾም ተፈታ፣ አህያሽን አውጪ የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ እኔም ብሆን፣ አትመኚ። መጀመሪያ ወጥተሽ ገደሉን እዪው።

አህያሽን ያስበላሁ
አበልጅሽ ሸዋረጋ