በንግስት ኖታ ላይ የጻፍኩት ቃል

ጅማ፣ ጊንጆ
ኅዳር 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ከዳገቱ ጋር ታረቀ ወይ? እናንተ ዘንድ ሰኮሩ ዝናቡ ማቆሙን የአውቶቡስ ሹፌሩ ነግሮኛል። በእሱ የላክሁልሽን ቅባት ማታ ማታ እየተቀባሽው እንደሆነ አምናለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ሰሞኑን መንገድ ላይ ብቻዬን የምስቅ ሰው ሆኛለሁ። በየደብዳቤሽ መጨረሻ የምታነሺያትን ጥያቄ አልረሳኋትም፤ እመለስባታለሁ። መጀመሪያ የሳቄን ምክንያት ልንገርሽ።

በወጣት ማዕከሉ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ከመንፋት ሌላ ኖታ የምጽፈውም እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ድሮ በእጄ ነበር። ዘንድሮ አብዱልፈታሕ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ጎረቤቴ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ጫነልኝና ዓይኔም ጣቴም አረፈ። ፕሮግራሙ ከኖታው በላይ ቃል ያስጽፋል። የሌላውን መሣሪያ ዜማም በትንንሹ አስገብቶ ለተጫዋቹ «ይሄን ስትሰማ ተዘጋጅ» ለማለት ያስችላል። ይህ ደግሞ ለንግስት አስፈለገ።

ንግስት በክረምት የተቀላቀለችን ክላርኔት ነፊ ናት። አንዴ የሰማችው ዜማ አይጠፋትም፤ ኖታ ማንበብ ግን አልለመደችም። በተለይ ዝም ማለት ባለባት ቦታ ቆጠራው ይጠፋትና ቀድማ ትገባለች። አጋሮ አጠገብ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲመረቅ እንድንጫወት ስንጠራ፣ መሪያችን ጋሽ ቱሉ «አንዴ ከተሳሳተች የሷን ክፍል ለኪቦርዱ እሰጠዋለሁ፤ እሷም እዚሁ ትቀራለች» አሉ። ከሠራዊት ባንድ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ያሉትን ያደርጋሉ። እማዬ፣ እሷ ከምትቀር እኔ ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከመግቢያዋ በፊት የሚነፋውን የትራምፔት ዜማ በትንንሽ ኖታ አስገባሁላት፤ መግቢያዋ ላይ «አሁን» አልኩ። ዝም በምትልበት ቦታ ደግሞ እንዳትቸኩል በትልቁ «ገና» ብዬ ጻፍኩ።

የምንጫወተው የበዓል ዜማዎች የተያያዙበት ቅንብር ነው። ልምምድ ላይ ትራምፔቱ ብቻውን መንፋት እንደጀመረ ንግስት ክላርኔቷን አነሳችና የገና ጨዋታን ዜማ ቤቱ እስኪናወጥ ለቀቀችው። ደግሞ አሳምራ!

ጋሽ ቱሉ ባንዱን የሚመሩበት ዘንግ ከእጃቸው ወደቀ። «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?»

«ኖታው ላይ ገና ይላል እኮ፣ ጋሼ!» ብላ ወረቀቱን አሳየቻቸው።

ከበሮ መቺያችን ሱሌይማን «ወላሂ፣ በጥቅምት ገና ሲገባ ገና ዛሬ አየሁ!» ሲል ባንዱ በሙሉ ፈነዳ። ጋሽ ቱሉና ንግስት ብቻ አልሳቁም። የእሷ ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር።

እኔ አላልቼ ጻፍኩ፣ እሷ አጥብቃ አነበበች፤ ፊደላችን ደግሞ ሁለቱን አይለይም። ተነስቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ጋሽ ቱሉ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «እንግዲያው አጋሮ ትሂድ። እዚያ ከተሳሳተች ግን ሁለታችሁም በእግራችሁ ትመለሳላችሁ» አሉ።

ቃሉን በ«ቆዪ» ልለውጠው ስል ንግስት ከለከለችኝ። «አትንካው። እንዲህ ካሳቀብኝ በኋላ የት እረሳዋለሁ?»

አጋሮ ላይ፣ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ በተሰጣበት ሜዳ ቆመን ተጫወትን። ያ ቦታ ሲደርስ የእኔን መንፋት ትቼ ከንፈሯን ማየት ያዝኩ። «ገና… ገና…» ትላለች፣ አላልታ። ከዚያ ትራምፔቱ ያቺን ትንሿን ዜማ ሲጨርስ ገባች። እንዴት ያለ አገባብ መሰለሽ! ገበሬዎቹ ወንበራቸውን ጥለው ተነሱ። ጋሽ ቱሉ ወደኔ ዞረው ሲስቁ የወርቅ ጥርስ እንዳላቸው ያን ዕለት አወቅሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከክረምት ጀምሮ አፌ ላይ የነበረ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። እርሳስ አወጣችና ኖታው ጠርዝ ላይ አንድ ቃል ጻፈች። አነበብኩት፤ ፊቴ ጠቆረ። እሷ ግን እስኪያስላት ሳቀች። ሱሌይማን «ደግሞ ምን በዓል ገባ?» ብሎ እስኪዞር ድረስ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «መጀመሪያ እኔ እንዳነበብኩት አንብበው» አለችኝ።

«ሠርግህ መቼ ነው ልጄ?» ላልሽኝ፣ መልሴ ያው የሁልጊዜው ነው፦ ገና ነው። ብቻ እንዳይከፋሽ፤ አጥብቀሽ አንብቢው።

ጎረቤትሽን እትዬ አሰገደችን ሰላም በይልኝ። ለእሳቸው ግን ገና አትንገሪያቸው። ይሄኛው ላልቶ ነው የሚነበበው።

ጉልበትሽን እግዚአብሔር ያጽናልኝ፤ ለእስክስታም ያብቃልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ