በርእሰ መምህርት በለጠች ይግዛው ዕረፍት እና ስለ ሰኞ ጠዋት ከላይ ወንዝ ትምህርት ቤት የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የላይ ወንዝ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች ርእሰ መምህርታችን ወይዘሮ በለጠች ይግዛው ጎንደር ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን የምናስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። «ጥልቅ» ያልነው ቃሉ በሐዘን መግለጫው ቅጽ ላይ ስላለ ብቻ አይደለም። ያረፉበትን ቀን በተመለከተም፣ እንደ ልማዳቸው ሰኞን ጨርሰው መሄዳቸውን ልብ ብለናል።

ርእሰ መምህርት በለጠች በዳባት ወረዳ ገጠር ተወልደው፣ ደባርቅ ከተማ በኪራይ ቤት ሆነው፣ በየሳምንቱ ስንቃቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ከቤተሰብ እያመጡ ተምረዋል። በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎታቸው ቢፒአርን፣ ካይዘንን፣ የለውጥ ሠራዊትንና አንድ ለአምስትን በየተራ ተቀብለው በየተራ ሸኝተዋል። ለእያንዳንዱ ፋይል ከፍተው፣ ፋይሉን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው፣ ወደ ክፍል ገብተዋል።

በ2009 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤታችን ተመደቡ። በዚያን ጊዜ ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ጠጠር ላይ ይንበረከክ ነበር። እሳቸው ጠጠሩን አስጠርገው፣ በሩ ላይ ራሳቸው ቆመው፣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠሩ ማስገባት ጀመሩ። እኛ መምህራን የሰዓት ቁጥጥር መስሎን ሁለት ወር ሙሉ በጊዜ ገባን። ቁጥጥር እንዳልነበረ የገባን ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያው በጊዜ መግባቱ ልማድ ሆኖብን ቀረ።

በ2010 ዓ.ም. ባለ አርባ ሰባት ነጥቡን የክፍል ምልከታ ቅጽ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተው፣ የኋላ ዴስክ ላይ ከተማሪዎች ጋር እየተቀመጡ ትምህርት መከታተል ያዙ። ሲወጡ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «የትኛው ልጅ ነው ያልገባው?» ይህን ጥያቄ መመለስ ያቃተን ብዙ ነበርን። የስም ዝርዝራችን ከዚህ መግለጫ ጋር አልተያያዘም።

በ2012 ዓ.ም. ሰኞን ነኩ።

ጉዳዩን ለማያውቅ ለማስረዳት ያህል፦ ከተማሪዎቻችን መቶ አርባ የሚሆኑት ከቡይት ራስ ማዶና ከዳባት ገጠር ቀበሌዎች መጥተው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይነሣሉ፤ ሦስት አራት ሰዓት በእግር ተጉዘው ይደርሳሉ። በራችን ደግሞ በሁለት ሰዓት ይዘጋ ነበር። የተዘጋበት ልጅ ሰኞን ይቀራል፤ ከዚያ ማክሰኞንም ይደግማል፤ ከዚያ አይመጣም። ርእሰ መምህርት በለጠች የስም መጥሪያውን ገልጠው ሲያዩ፣ በቀደመው ዓመት ካቋረጡት ሰባ አንድ ተማሪዎች ስድሳ ሦስቱ መጀመሪያ የቀሩት ሰኞ ቀን ሆኖ አገኙት። መጥሪያው በሁላችንም እጅ ላይ ነበር። ከመጥራት በቀር አንብበነው አናውቅም።

ከዚያ በኋላ የሰኞ ትምህርት በአራት ሰዓት እንዲጀመር፣ የጎደለውም ሁለት ሰዓት ከማክሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እየተጨመረ እንዲካካስ አደረጉ። ሰኞ ከሁለት እስከ አራት መምህራን አንድ ላይ ተቀምጠን ደብተር እናርማለን፤ የሳምንቱን ትምህርት እናቅዳለን። አጉረምርመናል፤ ማጉረምረማችን በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. ያቋረጡት ተማሪዎች ዘጠኝ ናቸው።

ለዚህ ሥራቸው ከሚመለከተው አካል ሦስት ደብዳቤዎች ተጽፈውላቸዋል፤ አንዱም የምስጋና አልነበረም። የሦስተኛው ፍሬ ነገር «ሰኞ ከሌሎች የሥራ ቀናት የሚለይበት አሠራር የለም» የሚል ሲሆን፣ እሳቸውም «ሰኞ ከማክሰኞ የሚለየው የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው» ብለው በአንድ መስመር መልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤው ጋብ አለ። ሲታመሙ ደግሞ አራተኛው ተረቀቀ።

አራተኛው ደብዳቤ የደረሰን ዓርብ ኅዳር 12 ቀን፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለቅሶ በተቀመጥንበት በሠልስቱ ዕለት ነው። ያመጡት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አቶ ሙሌ ናቸው። በአንድ እጃቸው የሐዘን ካርድ፣ በሌላው ደብዳቤውን ይዘው ገቡ። ከሰኞ ኅዳር 15 ጀምሮ በሩ በሁለት ሰዓት እንዲዘጋ ያዛል። መቶ አርባ ልጆች በዚያን ሰዓት ዳገት ላይ ናቸው። የሆነውን ሁሉ ጸሐፊያችን እንደወረደ መዝግቦታልና ከቃለ ጉባኤው እንጠቅሳለን።

የጥበቃ ሠራተኛው ጋሽ ገዱ፦ «እኔ በር ልዘጋ ነው የተቀጠርኩ፣ አልክድም። ግን ብርድ ፊቱን ልጦት የመጣን ልጅ ስድስት ዓመት ‹እንዴት አደርክ› ስል ኖሬ አሁን ‹ተመለስ› ልበለው? ቁልፉን እንኩ።»

አቶ ሙሌ፦ «ጋሼ፣ እኔ አልጻፍኩትም። አምጪ ነኝ።»

ጋሽ ገዱ፦ «እኔም ዘጊ ነኝ። የጻፈው ራሱ መጥቶ ሲዘጋማ አንድ ቀን አላየን።»

የፊዚክስ መምህርት ሊድያ፦ «አቶ ሙሌ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው የገቡት። ይቀመጡና መጀመሪያ ንፍሮ ይቅመሱ።»

አቶ ሙሌ ተቀመጡ። እሳቸውም እንደኛው የደከማቸው ሰው መሆናቸው ከአቀማመጣቸው ታይቷል። ጥቂት ቆይተው፦ «ብርዱ! ምነው በሩን ብትዘጉት?»

የወላጆች ተወካይ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ፦ «ምን ነካህ ልጄ? የለቅሶ ቤት በር ይዘጋል እንዴ?»

እዚህ ላይ መምህርት ሊድያ የንፍሮውን ሳህን አስቀመጡ ይላል ቃለ ጉባኤው።

መምህርት ሊድያ፦ «መሪጌታ፣ ለመሆኑ ሐዘን እስከ ስንት ቀን ነው?»

መሪጌታ፦ «ለጸሎቱ ቀን አለው፤ ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት። ለሐዘኑ ግን ማን ቀን ቆርጦለት ያውቃል?»

መምህርት ሊድያ፦ «እንግዲያው ሰኞ ሰኞ ጠዋት ብንቀመጥስ?»

መሪጌታ፦ «ማን ይከለክላችኋል?»

የሁሉም ዓይን ወደ አቶ ሙሌ ዞረ።

አቶ ሙሌ፦ «እኔ ምንም አልሰማሁም። ንፍሮ እየበላሁ ነው።»

በዚሁ መሠረት፣ ያሉንን መመሪያዎች ከነማሻሻያዎቻቸው አገላብጠን ሰኞ ማልዶ ማዘንን የሚከለክል አንቀጽ በማጣታችን፣ ትምህርት ቤቱ ከኅዳር 15 ጀምሮ ዘወትር ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ለርእሰ መምህርት በለጠች የሐዘን ሰዓት እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወስኗል። መምህራን ሐዘናቸውን የሚገልጹት ደብተር በማረም ይሆናል። ከሩቅ የሚመጡ ለቀስተኞች ስንቃቸውን አስቀምጠው፣ እግራቸውን አሳርፈው፣ በርእሰ መምህርቷ ቢሮ ተቀምጠው እያነበቡ ያዝናሉ። ቢሮው እሳቸው ባሉበት ጊዜም ለዚሁ ሲያገለግል የነበረ ስለሆነ የሚለወጥ ዕቃ የለም። የማካካሻው ግማሽ ሰዓት እንደነበረ ይቀጥላል። ማጉረምረሙም እንዲሁ።

የሚመለከተው አካል ሐዘናችንን ሊካፈል ቢወድ ደስ ይለናል። ከቡይት ራስ ማዶ በእግሩ ተነሥቶ ከመጣ ደግሞ በየትኛው ሰዓት ቢደርስ እንቀበለዋለን።

ለባለቤታቸው ለአቶ አለምነህ፣ ለልጆቻቸውና በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ በስማቸው ለጠሯቸው ተማሪዎች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለራሳችን ግን ቶሎ መጽናናትን አልተመኘንም። ደክሞናል፤ ያም ሆኖ ይህን ሐዘን በየሳምንቱ ለመቀመጥ የሚያስችል ጉልበት እንዳለን አረጋግጠናል።

የላይ ወንዝ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማኅበረሰብ
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ

ለሚመለከተው አካል፦ እንዲያውቀው

ለአቶ ሙሌ፦ ንፍሮው ስላለቀ ሰኞ አዲስ ይቀቀላል

ለጋሽ ገዱ፣ ጥበቃ ክፍል፦ ቁልፉ ተመልሶልዎታል። ሰኞ በሁለት ሰዓት በሩን እንዳይዘጉ፤ መንገድ ላይ ያሉ ለቀስተኞች አሉን።