አምስተኛዋ ሴት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፤ 3 ሰዓት፣ ቢሮ
ወገቤ ዛሬም። ከወንበር የምነሳው ጠረጴዛ ተደግፌ ነው። ደብተሬ፣ አዲሱ ጂም ቤት ከረቡዕ ጀምሮ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ለሴቶች ብቻ ሊሆን ነው። ባለቤቱ ግን አምስት ካልሞላችሁ ሰዓቱን ለወንዶች እመልሳለሁ ብሏል። ዘይነባ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ሦስት ሴት አሰባስባለች። ስኳር አለባት፣ ሐኪም ተንቀሳቀሺ ብሏታል። መንገድ ላይ እንዳትሮጥ ከተማችን መካነ ሰላም ናት፣ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል! አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ቱታ ገዛሁ፣ ሰማያዊ።

ማክሰኞ
ቱታውን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጉድ! ይህን ዳሌ ይዤ በገበያው መንገድ? ባሌ ሂጂ ነው የሚለው። የማፍረው እኔው ነኝ። የሒሳብ ክፍሉ ቀልደኛ ቀኑን ሙሉ ስፖርተኛዋ ሲለኝ ዋለ። ሰው ምን ይለኛል?

ረቡዕ፤ 12:10
አልሄድኩም። ዘይነባ ደወለች፤ አራቱም ጂም ቤቱ በር ላይ ናቸው። አፌ ቀደመኝ፤ አክስቴ አርፈዋል፣ ለቅሶ ልሄድ ነው አልኳት። ኢና ሊላሂ ብላ ዘጋች። ተመልሼ ተኛሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

6 ሰዓት
ወይ ውርደት! ለቅሶ የሰማ ሰው ስፖርት ይሠራል እንዴ? እንዴት አላሰብኩም? አራቱም ጂሙን ትተው ቀጥታ አክስቴ ቤት። እንደ ደንቡ ከአጥር ውጭ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። አክስቴ ዶሮ ሲያበሉ ነበር። ጩኸቱን ሲሰሙ እሳቸውም ደረታቸውን እየመቱ አብረው አለቀሱ፤ ማን እንደሞተ የጠየቁት ኋላ ነው። እርስዎ ነዎት ብላ የነገረቻቸው ዘይነባ ናት።
የጂሙ ባለቤት ማንም አልገባም ብሎ ሰዓቱን ለወንዶች ሰጠው።

ሐሙስ
አክስቴ ይስቃሉ፤ ማን እንደሚያለቅስልኝ በቁሜ አየሁ ይላሉ። ዘይነባ አልሳቀችም። አልጮኸችብኝም። ማፈሬ ገብቷታል። እኔም አፍሬ ነበር፣ ቱታዬን በአባያ ሸፍኜ ነው የመጣሁት አለችኝ። አፍሬ ነው ብትይኝ መጥቼ ይዤሽ እሄድ ነበር አለች። ምነው በሰደበችኝ።

እሑድ
የጂሙን ባለቤት ለመንኩት። ውሸቴንም ነገርኩት፣ ሳቀብኝ። ነገ አንድ ቀን ብቻ፣ አምስት ሆናችሁ ኑ አለ። ሦስቱ እሺ ብለዋል። ዘይነባ ስልክ አታነሳልኝም።

ሰኞ፤ 11:30
ቱታዬን ለብሻለሁ። ልሸፈንበት ነጠላውን አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። ዘይነባ በር ሄጄ እቆማለሁ። ጎረቤቶቿ ካዩኝ ይዩኝ። አፍሬ ነው እላታለሁ፤ ያን ዕለት ልላት የሚገባኝን። ብትዘጋብኝም እዚያው ቆሜ እስከ 12 ሰዓት እጠብቃታለሁ።