ትከሻው ላይ የቀረው እጅ

ውድ እህቴ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ባልሽና ትንሿ ደህና ናቸው? እኛ ከቀብሩ ወዲህ አለን፤ ይህም መኖር ከተባለ። እማማ ጥቂት እህል መቅመስ ጀምራለች። አባባ ግን እጁ አላርፍ ብሎታል፤ ባለፈው የጓዳውን በር በርግጫ ገነጠለው።

እኔም ከእሱ አልተሻልኩም። አንድ የክፍሌ ልጅ «ወንድምህን የገዛ ጓደኛው ነው አሉ የደፋው» ብሎ ቢስቅ ጥርሱን አወለቅሁት። ወድቆም አልተውኩትም፤ ዘበኛው ነው ከላዩ ያነሳኝ። ከትምህርት ቤት ለጊዜው ተባረርኩ። አባባ አልተቆጣኝም። «ቤት ከዋልክ አይቀር ያንን ውሻ ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ፎቶዎቻችን አውጣልኝ» አለኝ።

ውሻ የሚለው ቀለም ቀቢውን ነው። ከወንድማችን ጋር አንድ ጋራዥ እየሠራ፣ ማታ ማታ ከእኛው ገበታ የሚበላውን። የወንድማችንን ጭንቅላት በጎማ ማውለቂያ ብረት እስኪለው ድረስ እማማ «ልጄ» ነበር የምትለው።

ፎቶዎቻችን የጉድ ነበሩ። ከስልክና ከካሜራ የተገለበጠው ሁሉ አንድ ላይ ተከምሮ፣ ያንቺ ሠርግ ብቻ ሦስት ቦታ ተገኘ፤ ሦስት ጊዜ ያገባሽ ይመስላል። ድግግሞሹን አጥፍቼ በየዓመቱ ፎልደር ከፈትኩ። ከዚያ ፕሮግራሙ ፊት እየለየ ሲሰበስብልኝ፣ ወንድማችን ባለበት ሁሉ ያኛውም አለ። ፎቶውን ባጠፋው ሁለቱም ሊጠፉ ነው። ስለዚህ እየቆረጥኩ አወጣሁት። አንገቱ ላይ ስደርስ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።

እሑድ አባባን ጠርቼ አሳየሁት። በሠርግሽ ፎቶ ላይ ሰውየው ተቆርጦ ወጥቷል፣ እጁ ግን ወንድማችን ትከሻ ላይ ቀርቷል። አባባ እጁን ሲያይ መዶሻ አንስቶ ስክሪኑን አደቀቀው። ልይዘው ብዘል በክርኑ አፍንጫዬን አለኝ፤ ደሜ ፈሰሰ። እኔም መልሼ መታሁት፣ አባቴን። እማማ መሃላችን ገብታ ወደቀች። ያኔ አባባ ስብርባሪው ላይ ቁጭ ብሎ «ልጄን እኔም ደግሜ ገደልኩት» እያለ ተንሰቀሰቀ። ፎቶዎቹ ስክሪኑ ውስጥ ያሉ መስሎታል። ጠረጴዛው ስር ያለውን የኮምፒውተሩን ሳጥን እየነካሁ፣ ሁሉም እዚህ ነው፣ ምንም አልሆነም ብዬ ማልኩለት።

ከጎረቤት ስክሪን ተውሼ ጨረስኩ። እማማ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፈለገች፤ ወንድማችን ሞተር ላይ ተቀምጦ የሚስቅበትን መረጠች። ካሜራ ሲያይ ፊቱ እንደሚኮሳተር ታውቂያለሽ፤ በዚህኛው ግን ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ፋይሉን ስከፍተው በየትኛው ስልክ እንደተነሳ ተጽፏል። የቀለም ቀቢው ስልክ ነው፤ ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ የለም። ወንድማችን የሚስቀው እሱን እያየ ነው። እዚህ ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም።

አሳጥቤ ሰቀልኩት። አባባ ቆሞ ብዙ አየውና ማን እንዳነሳው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ስትደውዪ ካነሳብሽ አንቺም እንደዚያው በይልኝ። አንገቴን አቅፎ «እንዴት ይወድህ ነበር» አለኝ።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአማትሽም እጅ እነሳለሁ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባና እማማ ናፍቆታቸውን ልከውልሻል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤት፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ
ረቡዕ፣ ኅዳር 12